«እርጅና ነው» ከማለት በፊት፦ ታዳጊዎችን ስለ ዕድሜ መግፋትና ስለ አረጋውያን እንክብካቤ ሙያ ማስተማር

ቅዳሜ ቅዳሜ የሃይስኩል ልጆችን ለምታስጠኑ የማኅበራችን አባላት አንድ የትምህርት ሐሳብ ይዤ መጥቻለሁ። ርዕሱ እርጅና ነው። ለአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ከዚህ የራቀ ነገር እንደሌለ አውቃለሁ። ነገር ግን ከምናስጠናቸው ልጆች ብዙዎቹ አያታቸው አብረዋቸው ይኖራሉ፣ እናታቸው ወይም አባታቸው ነርሲንግ ሆም ውስጥ የሌሊት ፈረቃ ይሠራሉ፣ ሐኪም ቤት ሲኬድም የሚያስተረጉሙት እነሱ ናቸው። ከእርጅና ጋር በየቀኑ ይውላሉ፤ ቁጭ አድርጎ ስለ እርጅና ያስተማራቸው ሰው ግን የለም። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

በጥያቄ ጀምሩ። «አሜሪካ ውስጥ ዕድሜያቸው ከ65 በላይ ከሆነ ሰዎች መካከል ከመቶው ስንቱ ነርሲንግ ሆም ውስጥ ይኖራል?» በሏቸው። አርባ፣ ሃምሳ የሚል አይጠፋም። መልሱ ከአምስት በታች ነው። ቀጥላችሁ «ከ65 በላይ ከሆኑት ውስጥ አልዛይመር ያለባቸው ስንቶቹ ናቸው?» ብላችሁ ጠይቁ። ከዘጠኝ ሰው አንዱ ገደማ ነው፤ ስምንቱ የለባቸውም ማለት ነው። ዕድሜ በጨመረ ቁጥር ቁጥሩም ከፍ ይላል፤ ቢሆንም የመርሳት በሽታ በሽታ እንጂ የእርጅና ሌላ ስሙ አይደለም። በዱክ ዩኒቨርሲቲ የነበረው የሶሲዮሎጂ ምሁር ኧርድማን ፓልሞር በ1977 እንዲህ ዓይነት 25 «እውነት ወይስ ሐሰት» ጥያቄዎች አዘጋጅቶ አሳትሞ ነበር፤ እስከ ዛሬም ብዙ መምህራን ይጠቀሙበታል። ልጆቹ መሳሳታቸውን ራሳቸው ሲያዩ የቀረውን ለመስማት ጆሯቸው ይከፈታል።

ከዚያ ስለ ሮበርት በትለር አንድ ሁለት ደቂቃ አውሩላቸው። አያቶቹ ያሳደጉት ልጅ ነበር፤ አድጎ የአእምሮ ሐኪም ሆነ። «ኤጂዝም» የሚለውን ቃል፣ ማለትም ሰውን በዕድሜው ብቻ መናቅን ወይም መግፋትን የሚገልጸውን፣ በ1969 ዋሽንግተን አካባቢ ሆኖ የፈጠረው እሱ ነው። በኋላም የአገሪቱ የእርጅና ምርምር ተቋም የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሆነ። ከአያት ጋር ማደግ ለሙያ መነሻ ሊሆን እንደሚችል ለልጆቻችን ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም።

የእኛን ልጆች በተመለከተ ግን ዋናው ችግር ንቀት አይመስለኝም። አክብሮቱን ከቤት ይዘው ነው የሚመጡት። ትልቅ ሰው ሲገባ ይነሳሉ፣ ጉልበት ይስማሉ፣ አማርኛቸው የተሰባበረ ልጆች እንኳን «አንተ» እና «እርስዎ»ን አይቀላቅሉም። (እሺ፣ አንዳንዴ ይቀላቅላሉ።) የሚጎድላቸው እውቀት ነው። አማርኛ አክብሮትን በግሡ ውስጥ ስለያዘልን፣ በጣም ጨዋ በሆነ አነጋገር ሰውን ከወሬው ማስወጣት ይቻላል። አያታችን ሐኪሙ ፊት ተቀምጠው ሳለ «እሳቸው ጨው አይበሉም፣ እሳቸው እንቅልፍ እምቢ ብሏቸዋል» እያልን እኛ እንመልሳለን። ግሡ ትክክል ነው፤ የታመሙት ሰው ግን አንድ ቃል አልተናገሩም። ፈረንጆቹ ደግሞ በሌላ በኩል ይስታሉ፤ የሰማንያ ዓመት ሰው እንደ ሕፃን «ስዊቲ»፣ «ሃኒ» እያሉ ያናግራሉ። የመርሳት በሽታ ያለባቸው ሰዎች እንዲህ ሲነገራቸው መታጠብንና መልበስን የበለጠ እንደሚቃወሙ በጥናት ታይቷል። ሕመሙ ብዙ ነገር ቢወስድባቸውም ማን እንደናቃቸው ይለያሉ።

ወደ ሰውነት እንሂድ። እዚህ ልጆቹ በጣም ይነቃሉ፣ ምክንያቱም የሚሞከር ነገር አለ።

ከመስማት ጀምሩ። ጆሮ ሲያረጅ መጀመሪያ የሚያጣው ቀጫጭኑን ድምፅ ነው፤ እንደ ሰ፣ ሸ፣ ፈ፣ ተ ያሉት ፊደሎች እዚያ ውስጥ ይወድቃሉ። «ቤቱን ሰጠው» እና «ቤቱን ሸጠው» ልዩነታቸው አንድ ፊደል ነው፣ ለቤተሰብ ግን ሰማይና ምድር ነው። አያት «ትጮሃላችሁ፣ ግን አይሰማኝም» የሚሉት ለዚህ ነው፤ ድምፁ ይደርሳቸዋል፣ ቃሉ አይለይላቸውም። ስንጮህ ደግሞ ድምፃችን ይበልጥ ይቀጥናል። መፍትሔው ቴሌቪዥኑን መቀነስ፣ ፊት ለፊት መሆን፣ ድምፅን ወፍራም አድርጎ ረጋ ብሎ መናገር ነው። ልጆቹ ጥጥ ጆሯቸው ውስጥ አድርገው በሁለቱም መንገድ ይሞክሩት፤ ልዩነቱ ወዲያው ይገባቸዋል።

ዓይንም እንዲሁ ነው። ሌንሱ በዕድሜ ይደርቃል፣ ቢጫ ይሆናል። የ60 ዓመት ሰው ሬቲና ላይ የሚደርሰው ብርሃን የ20 ዓመት ወጣት ከሚያገኘው ሲሶ ገደማ ነው። አያት በጠራራ ፀሐይ መብራት የሚያበሩት ገንዘብ ለማባከን አይደለም። ነገር ግን እዚህ ላይ ጥንቃቄ አለ፤ ዳር ዳሩ እየጠፋ የሚሄድ እይታ ዕድሜ አይደለም። ግላኮማ ሊሆን ይችላል፤ ይህ በሽታ የአፍሪካ ዝርያ ባላቸው ሰዎች ላይ ይበዛል፣ ሳያም ጸጥ ብሎ ይመጣል፣ የጠፋውንም እይታ መመለስ አይቻልም። በጊዜ ከተገኘ ግን በጠብታ ሊገታ ይችላል።

ብዙ ትምህርት ቤቶች «የእርጅና ልብስ» የሚሉት ልምምድ አላቸው። መነጽር ላይ ቫዝሊን ይቀባል፣ ወፍራም ጓንት ይደረጋል፣ ጫማ ውስጥ ባቄላ ይጨመራል፣ ከዚያ የመድኃኒት ጠርሙስ ክፈቱ ይባላል። ደስ ይላል፣ ልጆቹም ይስቃሉ። እኔ ግን ከአሥር ደቂቃ በላይ አታድርጉት እላለሁ። በዚያ ካቆመ ልጁ ይዞት የሚሄደው ፍርሃትና «ውይ፣ ሲያሳዝኑ» የሚል ስሜት ብቻ ነው። ሁለተኛውን ግማሽ ጨምሩበት፤ መብራቱን አብሩ፣ የጠርሙሱ ጽሑፍ በትልቅ ፊደል ይጻፍ፣ በቀላሉ የሚከፈት ክዳን ይደረግለት፣ እንደገና ይሞክሩ። ሰውየው አልተለወጠም፣ ክፍሉ ነው የተለወጠው። የእኛ ሙያ ግማሹ ይህ ነው።

ስለ ጡንቻ ስታወሩ የራሳችንን ቤት መንካት አይቀርም። እኛ ዘንድ ትልቅ ሰው ሲከበር ይቀመጣል። «አይነሱ! አይነሱ! እኔ አመጣለሁ» እንላለን፤ ውሃውን፣ ስልኩን፣ ጫማውን። ቡናውን እንኳን ከእጃቸው እንቀማለን። በ2007 በታተመ አንድ ጥናት ጤነኛ አዛውንት ለ10 ቀን ብቻ አልጋ ላይ እንዲቆዩ ተደርጎ ከእግራቸው ወደ አንድ ኪሎ የሚጠጋ ሥጋ አጥተዋል። አሥር ቀን ማለት አንድ የሆስፒታል ቆይታ ነው። በተቃራኒው፣ በ1990 በታተመ የቦስተን ጥናት ነርሲንግ ሆም የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸው 90 አካባቢ የሆነ ደካማ ሰዎች ለ8 ሳምንት የእግር ክብደት ሠሩ። ቁጥራቸው ትንሽ ነበር፣ አሥር ጀምረው ዘጠኙ ጨረሱ፤ የእግር ጥንካሬያቸው ግን በአማካይ በ174 ከመቶ ጨመረ። በዘጠና ዓመት! ይህን ለልጆቹ ስትነግሩ ፊታቸውን ተመልከቱ።

ከዚያ ወንበር አምጡና «ሠላሳ ሰከንድ» የሚባለውን ፈተና ይሥሩ። እጅን ደረት ላይ አጣጥፎ በ30 ሰከንድ ውስጥ ስንት ጊዜ ቀጥ ብሎ መነሳትና መቀመጥ ይቻላል? የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል፣ ሲዲሲ፣ በሚጠቀምበት ሠንጠረዥ ዕድሜዋ ከ70 እስከ 74 የሆነች ሴት ከ10 በታች፣ በዚያው ዕድሜ ያለ ወንድ ከ12 በታች ከሆነ የመውደቅ አደጋ እንዳለ ይቆጠራል። አሜሪካ ውስጥ ከ65 በላይ ከሆኑ አራት ሰዎች አንዱ በየዓመቱ ስለሚወድቅ ነገሩ ቀልድ አይደለም። ቤት ሄደው ከአያታቸው ጋር መሞከር ከፈለጉ ወንበሩ ግድግዳ ተደግፎ፣ ሌላ ሰው አጠገብ ቆሞ ይሁን። ከበርጩማ እየተነሱ ቡና የሚያፈሉ አያት ይህን ልምምድ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚሠሩ ቁጠሩት። ቡናውን ተዉላቸው።

አሁን ለእኔ ዋናው ወደሆነው ክፍል ደርሻለሁ፤ ጊዜ ቢያጥራችሁ ሌላውን ሁሉ ዝለሉና ይህን አስተምሩ።

ትናንት ገበያ ሄደው መልስ ቆጥረው የተመለሱ ሰው ዛሬ ከቀትር በኋላ ከሠላሳ ዓመት በፊት የሞተ ወንድማቸውን ይጠራሉ እንበል። ወይም ምንም አይሉም፤ ብቻ ቀኑን ሙሉ ያንቀላፋሉ፣ ሲጠሩ ዘግይተው ነው የሚመልሱት። ቤተሰብ ምን ይላል? «ጃጁ። እርጅና ነው።» ይህ ቃል ሰው ሊገድል ይችላል። እርጅና በአንድ ቀን አይመጣም። የመርሳት በሽታም በአንድ ቀን አይመጣም፤ በወራትና በዓመታት ነው የሚሄደው። በሰዓታት ወይም በጥቂት ቀናት ውስጥ የመጣ፣ አንዴ እየተሻለ አንዴ እየባሰ የሚሄድ መደናገር ዴሊሪየም ይባላል፤ ከኋላው ሁልጊዜ ሌላ ምክንያት አለ። የሽንት ኢንፌክሽን፣ የሳንባ ምች፣ የውሃ ጥም ሳይሰማ የመጣ ድርቀት (በዕድሜ የጥም ስሜት ይቀንሳል)፣ የሽንት ወይም የሆድ መታፈን፣ አዲስ መድኃኒት፣ ያልተነገረ ሕመም። አረጋውያን የሳንባ ምች ይዟቸው ትኩሳት ላይኖራቸው ይችላል፤ መጀመሪያ የሚታየው መደናገሩ ብቻ ሊሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ የሚያመልጠን ደግሞ ጸጥ ያለው ዓይነት ነው። የሚጮህ ሰው ሐኪም ቤት ይወሰዳል፤ ጸጥ ብሎ የሚያንቀላፋ ሰው «ይረፉ» ተብሎ ይተዋል።

ስለዚህ ልጆቹ አንድ ጥያቄ ይያዙ፦ «ከመቼ ጀምሮ?» መልሱ «ከትናንት»፣ «ከትናንት ወዲያ» ከሆነ በዚያው ቀን ሐኪም ማየት አለበት። ፊት ከተጣመመ፣ እጅ ከከዳ ወይም ንግግር ከተሳሰረ ደግሞ ሳይውል ሳያድር፣ በዚያው ደቂቃ 911 ይደወላል። ድንገተኛ ክፍል ሲደርሱ ከሁሉ የሚጠቅመው ዓረፍተ ነገር «ትናንት እንዲህ አልነበሩም» የሚለው ነው። ነርሷ ሰውየውን ዛሬ ገና ማየቷ ነው፤ ትናንት ምን እንደሚመስሉ የሚያውቀው አብሯቸው የሚኖረው የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነው።

ሌላው፣ በክሊኒካል ልምምድ ላይ ሆኜ ብዙ ያሰብኩበት ነገር። አእምሮ ለመፈተሽ «ዛሬ ቀኑ ስንት ነው? ዓመቱስ?» ተብሎ ይጠየቃል። አንዲት እናት በእኛ አቆጣጠር ቢመልሱ ከሚጠበቀው ዓመት ሰባት ወይም ስምንት ይጎድላል። ጠዋት 3 ሰዓት ነው ካሉ ለፈታኙ ሌሊት ነው። የተወለዱበትን ቀን ሲጠየቁ ደግሞ ወረቀታቸው ላይ «ጃንዋሪ 1» ይላል፤ በስደት የመጡ ብዙ ሰዎች ትክክለኛ ቀናቸው ስላልተመዘገበ የተሰጣቸው ቀን ነው፣ እሳቸው ግን የሚያውቁት ለገብርኤል ወይም ለማርያም እንደተወለዱ ነው። ፍጹም ጤነኛ አእምሮ ይዘው ሦስቱንም «ተሳስተዋል» ሊባሉ ይችላሉ። ይህን ለሐኪሙ ማስረዳት የሚችል ሰው ክፍሉ ውስጥ ካለ ነገሩ ሁሉ ይለወጣል።

ይህ ሲባል ግን ልጆቹ አስተርጓሚ ይሁኑ ማለቴ አይደለም። በ2016 በወጣው የፌዴራል ደንብ መሠረት የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበሉ ሐኪም ቤቶች፣ ሕይወት የሚያሰጋ ድንገተኛ ሁኔታ ካልሆነ በቀር፣ ለአካለ መጠን ያልደረሰን ልጅ ማስተርጎም አይችሉም፤ ብቁ አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው። «አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር፣ ፕሊዝ» ብሎ መጠየቅ መብት ነው። ሕጉ ያለምክንያት አልወጣም። አንዲት እናት ሽንት እንደሚያመልጣቸው፣ ወይም ማታ ማታ እንደሚያለቅሱ፣ በልጅ ልጃቸው አፍ አይናገሩም። ልጁም «ካንሰር» የሚለውን ቃል ለአያቱ የመንገር ሸክም ሊጫንበት አይገባም። ልጁ አጠገባቸው ይቀመጥ፣ እጃቸውን ይያዝ፣ የአቆጣጠሩን ነገር ያስረዳ። ትርጉሙን ለሠለጠነ ሰው ይተው።

ወደ ሥራው ስመጣ አንድ ነገር ያናድደኛል። «እናትሽ ምን ትሠራለች?» ሲባሉ ብዙ ልጆች ድምፃቸውን ቀነስ አድርገው «ሽማግሌ ትጠብቃለች» ይላሉ። እስቲ ያቺ እናት በአንድ ሌሊት የምትሠራውን አስቡት። መንቀሳቀስ የማይችልን ሰው ቆዳው እንዳይቆስል በየሁለት ሰዓቱ ታገላብጣለች፤ ተረከዝ ላይ ያለ መቅላት ሲጫን ይጠፋ አይጠፋ እንደሆነ ታያለች፤ ሲጎርሱ ወደ ሳንባ እንዳይሄድባቸው አገጫቸውንና ጉሮሯቸውን ትመለከታለች፤ ዴሊሪየሙን ከሐኪሙ ቀድማ የምታየው እሷ ናት። በ1987 የወጣው የፌዴራል ሕግ አንድ ሲኤንኤ ቢያንስ 75 ሰዓት እንዲሠለጥን ያዛል፤ አንዳንድ ስቴቶች ከዚያ በላይ ይጠይቃሉ፣ ካሊፎርኒያ 160 ሰዓት። መጠበቅ አይባልም። ሙያ ነው።

ግን አትዋሿቸው። ሥራው ወገብ ይጎዳል፣ ሠራተኛ ያንሳል፣ ክፍያውም ዝቅተኛ ነው። በ2023 የሲኤንኤ መካከለኛ የዓመት ገቢ 38,000 ዶላር ገደማ ነበር፤ የተመዘገበ ነርስ ደግሞ 86,000 ገደማ። ልጆች ከወላጆቻቸው ፊት ላይ ድካሙን ያነቡታልና «ሥራው ፍቅር ነው» የሚል ስብከት አይቀበሉም። ደረጃውን ማሳየት ይሻላል። ብዙ ሃይስኩሎች የሲኤንኤ ትምህርት በነጻ ይሰጣሉ፤ ከዚያ ኤልፒኤን፣ አርኤን፣ በአረጋውያን ሕክምና የተካነ ነርስ ፕራክቲሽነር እያለ ይሄዳል። ደም ማየት የማይወድ ልጅም ቦታ አለው፦ የመስማት ባለሙያ፣ ፊዚዮቴራፒስት፣ ፋርማሲስት፣ ሶሻል ወርከር፣ የአረጋውያንን መብት የሚከራከር ጠበቃ፣ በተሽከርካሪ ወንበር የሚገባበት መታጠቢያ ቤት የሚነድፍ አርክቴክት። ከ1946 እስከ 1964 የተወለደው ብዙ ሕዝብ በ2030 ሙሉ በሙሉ ከ65 በላይ ይሆናል፤ ሥራው አይጠፋም። የእኛም ሰው እዚያው ውስጥ አለ። በ1980 ከወጣው የስደተኞች ሕግ በኋላ በሃያዎቹ ዕድሜያቸው የገቡት ኢትዮጵያውያን አሁን ጡረታ እየወጡ ነው፤ እነሱን በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ የሚንከባከብ ማን ነው?

ይህን ጥያቄ ስታነሱ የኦን ሎክን ታሪክ ንገሯቸው። ሳን ፍራንሲስኮ ቻይናታውን ውስጥ በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ የቻይና፣ የጣልያንና የፊሊፒንስ ስደተኛ ቤተሰቦች አረጋውያን በቋንቋቸውና በምግባቸው የሚጦሩበት ቦታ አልነበረም። የሠፈሩ ሰዎች ነርሲንግ ሆም ከመሥራት ይልቅ የቀን ማዕከል ከፈቱ፤ አያት ጠዋት በመኪና ይወሰዳሉ፣ ሐኪሙንም ምሳውንም ጨዋታውንም እዚያ ያገኛሉ፣ ማታ ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። ኮንግረስ በ1997 ያንን አሠራር «ፔስ» በሚል ስም የሜዲኬር ቋሚ አካል አደረገው፤ ዛሬ በብዙ ስቴቶች ይገኛል። የጀመሩት ሚሊየነሮች አልነበሩም፤ አንድ የሠፈር የጥርስ ሐኪምና አንዲት ሶሻል ወርከር ከጀማሪዎቹ ውስጥ ነበሩ።

የቤት ሥራም ስጧቸው፤ ድርሰት ግን አይሁን። ከአያታቸው ወይም ከጎረቤት ካሉ አንድ ትልቅ ሰው ጋር ቁጭ ብለው የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ይጻፉ፣ መጀመሪያ ፈቃድ ጠይቀው። ሐኪም ያዘዘው ብቻ አይበቃም፤ ከአዲስ አበባ የመጣው ክኒን፣ ጤና አዳሙ፣ ጥቁር አዝሙዱ፣ ጎረቤት የሰጠውም ይጻፍ። በተለይ ለእንቅልፍ የሚወሰደውን ይፈልጉ። ቤናድሪልና ታይሌኖል ፒኤም ውስጥ ያለው ዳይፈንሃይድራሚን ያለ ማዘዣ የሚሸጥ ቢሆንም፣ የአሜሪካ የአረጋውያን ሕክምና ማኅበር በሚያወጣው የቢርስ ዝርዝር ላይ ከ65 በላይ የሆኑ ሰዎች ቢርቁት ይመረጣል ከተባሉት አንዱ ነው፤ መደናገር፣ መውደቅና የሽንት መታፈን ያመጣል። ካገኙት ራሳቸው አይጣሉት፣ አያታቸውም በድንገት ሌላ መድኃኒት እንዲያቆሙ አያድርጉ፤ ፋርማሲስቱን ይጠይቁ። ዝርዝሩ በእንግሊዝኛም በአማርኛም ይጻፍና አንዱ ቅጂ ከመታወቂያቸው ጋር ቦርሳቸው ውስጥ ይቀመጥ፤ ፎቶው ደግሞ በልጁ ስልክ ላይ ይኑር። ቅዳሜ ሲመጡ ስም ሳይጠሩ ምን እንዳገኙ ያውሩ።